አያ ደምሴ የተሳሳተ ዕለት

አያ ደምሴ ማረፉን የነገረችኝ የገዛ ልጁ አስካለ ናት። ከአንኮበር፣ ከጎረቤላ ተነስታ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥታ፣ ሰው ጠያይቃ፣ በሬ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች። በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ነገር ታቅፋለች።

«ጋሼ ተፈራ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ፣ ልጄ።»

«የደምሴ ልጅ ነኝ። አባቴ ዐረፈ። አርባው ባለፈው ሳምንት ወጣ።»

እግዜር ይቅር ይበለኝና ከአፌ ቀድሞ የወጣው ቃል «ስለ እኔ ያለው ነገር አለ?» የሚል ነበር። ነፍስ ይማር አላልኩ፣ ምን ነካው አላልኩ። ልጅቱ ትክ ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ መጀመሪያ እንኳ ነፍስ ይማር ይበሉ እንጂ» አለችኝ። ያን ጊዜ እዚያው መቃኑን ይዤ አለቀስኩ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አያምርበትም፤ እሷም አፍራ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ገብታ ተቀመጠች፣ የያዘችውን ጥቅል ከበሩ ጎን አስደግፋ።

እኔ ለወሬ ሰንፌ የማላውቅ ሰው ነኝ። አፈ ሰፊ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ስለ አያ ደምሴ ግን ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ ይኸው ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ነው፣ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አሁን ልናገር። ማንን ፈርቼ ነው ከእንግዲህ የምደብቀው?

አያ ደምሴ መጋዝ ሳቢ ነበር። አጭር ሰው ነው፤ ክንዶቹ ግን የሌላ ሰው እስኪመስሉ ድረስ ረጃጅም ናቸው። ከፂሙ ውስጥ ሰጋቱራ ጠፍቶ አያውቅም፤ ፋሲካም ይሁን፣ ሰርግ ቤትም ይሁን። ሚስቱ «ያገባሁት ሰው ይሁን ጥድ ሳላውቀው አረጀሁ» ትል ነበር። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ አንድ ሕንድ አናጢ ዘንድ ስድስት ዓመት ሠርቷል። ወደ አንኮበር ሲመለስ ይዞ የመጣው አንድ ሞረድና ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። ያገሩ ሰው «ለስድስት ዓመት ድካም ይሄ ነው?» ብሎ ሲስቅበት፣ «ሞረዱ ያልቃል፣ ጥያቄው አያልቅም» አለ አሉ።

መጋዝ ልገዛ ነው፣ ምከረኝ ብሎ የሚመጣውን ሁሉ በጣቱ እየቆጠረ ይጠይቀው ነበር። ምኑን ነው የምትቆርጠው? የት ቆመህ? ከማን ጋር? ሰውየው «ያለኝ ብር ይሄን ያህል ነው» ብሎ ከጀመረ ግን እጁን ያወራጫል። «ብርህ ኪስህ ውስጥ ይቆይ። ብር ቆጥረህ ገበያ ከወጣህ የምታየው ዋጋውን ነው እንጂ መጋዙን አይደለም።» ዛሬ የሞተር መጋዝ የሚባል ጉድ መጥቶ የለ? ባለፈው ወር አንድ ሥራ ተቋራጭ ትልቁን ልግዛ ወይስ ትንሹን ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሳላስበው ጣቴን አንስቼ «ምኑን ነው የምትቆርጠው?» አልኩት። ድምፄ የአያ ደምሴ ድምፅ ሆነብኝና ደንግጬ ጣቴን አጠፍኩ።

ቅርንጫፍ ለመመልመል መጋዝ ያወጣ ሰው ካየ ደግሞ አይምረውም። «ለቁንጫ ጠመንጃ አነሳህ!» ይለዋል። «ምሳር ምን ሊሠራልህ ነው የተቀመጠው?»

እኔን የመረጠኝም በዚያው ዓይነት ነው። የአንኮበርን አገር ለማያውቅ ልንገር፤ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ዛፉ ሁሉ የሚበቅለው ተረተር ላይ ነው። ያን ጊዜ አብሮት የሚስብ ሰው እየፈለገ ነው ተባለና የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ተሰለፈ። እኔ ከሁሉም ቀጭን ነበርኩ፤ የሄድኩትም ወሬ ለማየት ነው። አያ ደምሴ ጡንቻ አልነካ፣ ስም አልጠየቀ። ከመሬት ጠጠር እያነሳ ሳናስበው ወረወረብን። ሁሉም በቀኙ ቀለበ። እኔ በግራዬ ቀለብኩ። ሰው ሳቀ። በእኛ አገር ግራኝ መባል ቀላል ነገር አይደለም፤ እናቴ ልጅ ሳለሁ ግራ እጄን ከወገቤ ጋር በጨርቅ እያሰረች ነው ያሳደገችኝ።

«ይሄን ነው የምፈልገው» አለ አያ ደምሴ።

«ግራኝ እኮ ነው!» አለው አንዱ።

«እሱን አይቼ አይደል?»

ምክንያቱ የገባኝ ተረተሩ ላይ ስንቆም ነው። በሁለት ሰው የሚሳበው መጋዝ በሁለቱ ጫፍ እጀታ አለው፤ ፊት ለፊት ተያይታችሁ አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል። ሁለት ቀኞች ከያዙት አንዱ ከመጋዙ በላይ፣ ሌላው ከመጋዙ በታች ይቆማል። ተረተር ላይ በታች ማለት ገደል አፋፍ ማለት ነው፤ ዛፉም ሲወድቅ ወደዚያው ነው። አንዱ ግራኝ ሲሆን ግን ሁለቱም በላይኛው በኩል ተደላድለው ይቆማሉ። ያን ቀን «ላንተ ግራ የሆነው ለእኔ ቀኝ ነው» አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስለ ግራ እጄ ደግ ቃል የሰማሁት ያን ቀን መጀመሪያዬ ነው።

የመጀመሪያዎቹን መጋዞች የገዛነው ቁልቁል ወርደን፣ አልዩ አምባ ገበያ፣ ሐጂ ሰይድ ከሚባል ነጋዴ ነው። ሐጂ ሰይድ ቀልደኛ ነበር፤ ከአያ ደምሴ ጋር ሲገናኙ ሳይሰዳደቡ ሰላምታ አይሰጣጡም። ምንጣፍ ላይ ሦስት መጋዝ ዘርግቷል። አንዱ ረጅም፣ ፊት የሚያሳይ አብረቅራቂ ነው። ሁለቱ አጫጭርና ዝገታቸው እጅ የሚያቆሽሽ ነው። እኔ ዓይኔ አብረቅራቂው ላይ ቀረ።

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ መጋዝ ከጅቡቲ ወዲህ የለም» አለ ሐጂ ሰይድ፣ የእኔን ዓይን አይቶ።

አያ ደምሴ ቁጢጥ አለ። አብረቅራቂውን በጥፍሩ መታና ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ይዞ እንደ ቀስት አጎበጠውና ለቀቀው፤ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በጠርዙ ላይ አየ። ሲመለስ ትንሽ ጠመም ብሎ ቀርቷል። «ርዝመት ለመቀነት ነው» አለና አስቀመጠው። የዛጉትንም እንደዚያው መታ፣ አጎበጠ፣ አየ። ቀጥ ብለው ተመለሱ። ድምፃቸውም ቶሎ አይጠፋም። «እነዚህ ይናገራሉ» አለ።

«ደምሴ፣ ዝገቱንም ጨምረህ ልትገዛ ነው?» አለ ሐጂ ሰይድ እየሳቀ።

«ዝገቱንማ መርቅልኝ እንጂ! ሰባት ዓመት ያስቀመጥከው እኮ ነው።»

በአብረቅራቂው ዋጋ ሁለቱን የዛጉ ይዘን አቀበቱን ወጣን። እኔ መንገዱን ሙሉ አኮረፍኩ። ለገደል አጭር መጋዝ እንደሚሻል፣ ረጅሙን ለመሳብ ክንድ መዘርጊያ እንደማይገኝ ሲነግረኝ አልሰማ አልኩ። ቤት ገብቶ በአመድና በሎሚ ሲፈትጋቸው ግን ከሥር እንደ ብር ሆነው ወጡ። ከዚያ ሞረዱን አውጥቶ ጥርሳቸውን ለየ። የአንደኛውን እንደ ቢላ አሾለው፤ እሱ መጣያው ነው፣ የቆመ ዛፍ የሚቆረጥበት። የሁለተኛውን እንደ መሮ አድርጎ ሞረደው፤ እሱ መሰንጠቂያው ነው፣ ግንዱ ከወደቀ በኋላ በቁመቱ ሳንቃ የሚወጣበት። «ዛፍ የክር ክምር ነው» አለኝ። «በአግድም ስትሄድ ክሩን መበጠስ አለብህ፣ ያ የቢላ ሥራ ነው። በቁመት ስትሄድ ክሩን ፈልቅቀህ ማውጣት ነው፣ ያ የመሮ ነው። ካቀያየርካቸው ዛፉ ይነክስሃል።» እኔ እንዳላምታታቸው ፈርቶ መጣያው እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ እንጂ ለእሱስ አያስፈልገውም። ዓይኑን ቢሸፍኑት አሽትቶ ይለያቸው ነበር።

ይህ ሁሉ ጣሊያን አገር ይዞ ሳለ ነው። አርበኛው ዋሻና ቆላ ገብቷል፤ ከላይ ደግሞ የጣሊያን ምሽግ አለ። እኛ መሐል ነን። ሳንቃ ሰንጥቀን ቤት ለተቃጠለበት በር እንሠራለን፣ ለሞተ ሣጥን። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተብሎ አዋጅ ተነግሮ ነበር። ሰዉ አሮጌ ውጅግራውን እየሰጠ ደህናውን ደበቀ። ወዴት እንደደበቀ ጠይቄ አላውቅም፤ ብጠይቅም የሚነግረኝ የለም። እንደ እኔ ላለ አፍ ማን ምሥጢር ይሰጣል?

ቁጣዬም እንደ አፌ ነበር። አንድ ጊዜ እርጥብ ኮሶ ካልሰነጠቅን ብዬ ጨቅጭቄው ሰነጠቅን፤ በሳምንቱ ሳንቃው እንደ ጀልባ ተጣመመ። ተናድጄ በእግሬ ስመታው አያ ደምሴ ቁጭ ብሎ ይስቃል። «እርጥብ እንጨት ላይ አትቸኩል። ተወው፣ በራሱ ጊዜ ይደርቃል።» ከዚያ ወዲህ ስቆጣ፣ ሰው ሊያበርደኝ ሲጠጋ «ተዉት፣ ገና እርጥብ ነው» ይል ጀመር። ሰፈሩ ሁሉ ቀልድ አደረገው። እኔም ሳልወድ እስቅ ነበር።

አሁን ወደዚያች ቀን ልመጣ ነው። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፣ አለዚያ እናንተም እንደኔ ትሳሳታላችሁ። በደብራችን ቅጥር ግቢ ውስጥ አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከበው አንድ አሮጌ ጥድ ነበር። ውስጡ ባዶ ነው። ባዶነቱን አንኳኩቶ ያወቀው አያ ደምሴ ነው፤ ከቅርንጫፉ በላይ ሰው የምታስገባ አንዲት ቀዳዳ አለች። የሰፈሩ ጠመንጃ ሁሉ በቆዳ ተጠቅልሎ እዚያ ውስጥ ወርዶ ነበር። የሚያውቁት አያ ደምሴ፣ የደብሩ አለቃ አባ ተክሌና ባለጠመንጃዎቹ ብቻ ናቸው። ያ ብረት ቢገኝ አባ ተክሌና ባለጠመንጃዎቹ ይሰቀላሉ፣ ደብሩም ይቃጠላል። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወታደር የጫነ ሁለት የጣሊያን ካሚዮን መጣ። ወደ ደብረ ብርሃን በሚወጣው መንገድ ላይ ጎርፍ ድልድይ ወስዶባቸዋል፤ ረጅም ግንድ ይፈልጋሉ። ሹማቸው በግቢው ዞሮ ዞሮ ያንን ጥድ በአለንጋው ነካው። አባ ተክሌ መስቀላቸውን ይዘው ለመኑ። የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥም አሉ፣ ውስጡ ምስጥ በልቶታል አሉ። አስተርጓሚው ሳቀ። የሄዱበት ደብር ሁሉ ዛፋችንን ምስጥ በልቶታል ብሏቸዋልና። በሩ ላይ ወታደር አቆሙ፤ ማንም እንዳይገባ። ደምሴ የሚባለው መጋዝ ሳቢ ነገ በጠዋት እንዲቆርጠው ታዘዘ።

ሰኞ ጠዋት አያ ደምሴ መጋዙን በጆንያ ጠቅልሎ መጣ። ሲፈታው ዓይኔን አላመንኩም። መሰንጠቂያውን ነው ያመጣው።

«አያ ደምሴ! ይሄ እኮ መሰንጠቂያው ነው!»

«እ?» አለና አዟዙሮ አየው። «ኧረ እውነትህን ነው። ታዲያ ትናንት ለሐጂ ሰይድ ሰዎች እጀታው ይጠገን ብዬ የሰጠሁት መጣያውን ነው ማለት ነው። ተምታታብኝ።»

ተምታታብኝ! ጨለማ ውስጥ አሽትቶ የሚለይ ሰው! አልዩ አምባ ወርዶ ለመመለስ ቀን ይፈጃል። ሹሙ ባላችሁት ጀምሩ አለ። ጀመርን። የመሮ ጥርስ በእርጥብ ጥድ አግድም ሲሄድ ምን እንደሚሆን የያዘው ያውቀዋል፤ ይቧጭራል፣ ይዘላል፣ ሙጫው ይይዘዋል። ጥቂት እንደገባን የቁርጡን አፍ የሚከፍት ሽብልቅ መምታት ነበረብን፤ አያ ደምሴ ሽብልቁንም ረስቶ መጥቷል። መጋዙ የሚቀባውን ሞራም ረስቷል። ዛፉ መጋዙን ነከሰው። በስንት መከራ አወጣነው፣ ደግሞ ገባን፣ ደግሞ ነከሰው። ቀትር አለፈ። ወታደሮቹ ይስቃሉ፣ የሰፈሩ ሰው በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ያያል፣ እኔ በእፍረት ፊቴ ይነዳል። አያ ደምሴ ላቡን ይጠርግና «ሳብ» ይለኛል፣ በዝግታ፣ ቀኑን ሙሉ ጊዜ እንዳለው ሰው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለአራተኛ ጊዜ ተነከሰ። አያ ደምሴ እጀታውን በሁለት እጁ ያዘና ወደ ጎን ጠመዘዘው። ጀማሪ እንኳ እንዲህ አያደርግም። መጋዙ ጮኾ ለሁለት ተሰበረ።

ሹሙ እየሮጠ መጣ። እጁ ሽጉጡ ላይ ነው። ፊቱ ቀልቶ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ተናገረ፤ አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ።

«ሹሙ ይሄ ሰው ሆን ብሎ ነው የሰበረው ይላል። ከሆነ እዚሁ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። አንተ ጓደኛው ነህ፣ ምን ትላለህ?»

እስኪ አስቡት። የቀኑ እፍረት፣ የመጋዙ ጥፋት፣ የእንጀራችን መሰበር ተደራርቦብኛል። ፈነዳሁ። «ሆን ብሎ? ይሄ? ይሄ ሰው ጃጅቷል እኮ! መሰንጠቂያና መጣያ መለየት ያቃተው፣ ሽብልቅ የረሳ፣ ሞራ የረሳ! ድሮ ያውቃል ይሉት ነበር፤ ውሸት ነው! እኔን ስንት ዓመት አሞኘኝ! ከእንግዲህ ለዚህ ሰው መጋዝ የሚያውስ የተረገመ ይሁን!» እንባዬ እየወረደ፣ የተሰበረውን እጀታ መሬት ላይ ወርውሬ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ። አስተርጓሚው ሲተረጉምለት ሹሙ እኔን አየ፣ አያ ደምሴን አየ። ከዚያ ሳቀ። ሽጉጡን ለቀቀ።

አያ ደምሴ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በቅንድቡ ሥር ቀና ብሎ ሲያየኝ ደስ ያለው መሰለኝ። ይህ ደግሞ ይበልጥ አንገበገበኝ።

ለጅልነቱ ገረፉት። ወታደሮቹ ምሳር አንስተው ጥቂት ሞከሩ፤ ያን ያህል ግንድ በምሳር ግን በአንድ ማታ አይደፈርም። ፀሐይ ልትጠልቅ ሆነ፤ ሲመሽ መንገዱ የአርበኛ ነው። ከእንግዲህ ምን ይጠበቃል ብለው በሩን የሚጠብቀውን ወታደር ጭምር ጭነው ካሚዮኖቹ ሄዱ።

ረቡዕ ብዙ ምሳር ይዘው ተመለሱና ጥዱን ጣሉት። ውስጡ ባዶ ነበር። የወፍ ጎጆ እንጂ ሌላ ምንም የለበትም። ሹሙ ተሳድቦ ሄደ። እኔ ደግሞ «ባዶ ዛፍ እንኳ አንኳኩቶ መለየት አቅቶት ነው መጋዙን የሰበረው!» ብዬ በየቤቱ አወራሁ። አፌን ታውቁት የለ።

በሳምንቱ አያ ደምሴ ቤቴ መጣ። ጀርባው ገና አልዳነም፣ ቀስ እያለ ነው የሚራመደው። በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። «ከተሰበረው ሁለት የእጅ መጋዝ ወጣው። አንዱ ያንተ ነው» አለኝ። ጥቅሉን እንኳ አልነካሁትም።

«ለሌላ ሞኝ ስጠው።»

ጥቅሉን መልሶ ብብቱ ሥር ከተተ። «እሺ» አለ፣ «አስቀምጥልሃለሁ።» ቁልቁለቱን አጎንብሶ ሲወርድ አየሁት። አልጠራሁትም።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። እዚህ ቀዝቃዛ አገር፣ ሜዳ ላይ፣ ግራ እጅ ለምንም በማይፈለግበት ቦታ አናጢ ሆኜ ቀረሁ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ አንድ ቅዳሜ አባ ተክሌ ገበያ ላይ አገኙኝ። መስቀል ተሳለምኩ። ስለ አገር ተጨዋወትን፤ እኔም እንደ ልማዴ ያንን የጅል መጋዝ ሳቢ ነገር አንስቼ ልስቅ ስጀምር፣ ክንዴን ያዙኝ።

«ተፈራ፣ እስከ ዛሬ አልሰማህም እንዴ?»

ሁሉንም ነገሩኝ። ጠመንጃዎቹ በዚያው በሰኞ ማታ እንደወጡ፣ መጣያውም አልዩ አምባ እንዳልተላከ። እሑድ ማታ ከገዛ ቤቱ ጓሮ ቀብሮት ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነበር የሚያስፈልጋቸው። እሷን አንዲት ቀን በመጋዙና በጀርባው ገዛት።

«ለእኔ ለምን አልነገረኝም?» አልኩ።

«እኔም እንዲነግርህ ጠይቄው ነበር። ያለኝን ልንገርህ? ‹አባ፣ ለዚህ ሥራ የሚሆነኝ የተፈራ ቁጣ ነው። ቁጣው እውነት ካልሆነ እሰቀላለሁ። ብነግረው ደግሞ ውሸት አይችልበትም› አለኝ።»

ምኑን ትቆርጣለህ፣ የት ቆመህ፣ ከማን ጋር። እኔን ለዚያች ሥራ መርጦኝ ኖሯል፤ በሕይወቱ ላይ ተማምኖ። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ በየቤቱ ጅል እያልኩ አዞርኩት፤ ያመጣልኝንም መለስኩበት። በሳምንቱ ተነስቼ ጎረቤላ ወረድኩ። ገበያው ዳር፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ የሰው መጋዝ ይሞርዳል። ፂሙ ነጥቷል። መጋዙን ወደ ብርሃን አንስቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያይ፣ ያው ነው፣ ምንም አልተለወጠ። ሃያ እርምጃ ብሄድ እደርስበታለሁ። ምን ብዬ ልጀምር? ዞርኩና ወጣሁ። ለፋሲካ እሄዳለሁ አልኩ። ለመስቀል እሄዳለሁ አልኩ። እንዲህ እያልኩ ይኸው ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ልጅ በሬ ላይ ቆመች።

አስካለ ውሃዋን ጠጥታ ስትጨርስ ጥቅሉን አንስታ ጭኔ ላይ አኖረችው። «ለግራኙ ስጡት ብሎ ነው የሞተው» አለች።

ፈታሁት። ግማሽ መጋዝ ነው፣ ጥሩ እጀታ የወጣለት። ሞራ ተቀብቷል፤ ዝገት አልነካውም። የመሮውን ጥርስ አጥፍቶ እንደ ቢላ ሞርዶታል። በአውራ ጣቴ ስነካው አዲስ ነው፣ ይቆርጣል።

«በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ይሞርደው ነበር» አለች። «ሠርቶበት ግን አያውቅም። እኛም እንዳንነካው። ለማን ነው ስንለው ባለቤት አለው ይለናል።»

በቀኝ እጄ ያዝኩት፣ አልመች አለኝ። ወደ ግራ አዛወርኩት። አውራ ጣቴ የምታርፍበት ጎድጓዳ ተቦርቡሮ ይጠብቀኝ ነበር። በዚህ አገር እንዲህ ያለ እጀታ የሚሠራ ሰው አይገኝም፤ የሚፈልገውም የለም፣ ከእኔ በቀር።

«አንድ ጊዜ ጎረቤላ ገበያ መጥተው ነበር አይደል?» አለችኝ።

ቀና አልኩ።

«ትንሽ ልጅ ነበርኩ፣ አጠገቡ ነበርኩ። ‹ያ ግራኙ ነው› ብሎ አሳየኝ። ሮጬ ልጥራው ስለው ክንዴን ያዘኝ። ‹ተዪው፣ አትጥሪው። ገና እርጥብ ነው፣ በራሱ ጊዜ ይደርቃል› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ያቺን ቦታውን ለቆ አያውቅም። ዝናብም ቢሆን።»

እጀታውን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት። ደርቄ ነበር እኮ፣ አያ ደምሴ። ያን ቀን ገበያው ዳር ስቆም ደርቄ ነበር። ልጅቱን ባትይዛት ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ስሜን ብትጠራው ኖሮ፣ እግርህ ላይ እወድቅ ነበር። እንጨት አንኳኩቶ ተሳስቶ የማያውቀው ሰው፣ በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ ተሳሳተ። እሱም በእኔ ላይ ሆነ።